ከችግኝ ጣቢያ እስከ ደንበኛ ግቢ፦ የአትክልት ሥራ ድርጅት ዘመናዊ ባርነትን የሚከላከልበት የአሠራር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎንደር ውስጥ በአንድ ደንበኛ ግቢ የአበባ መደብና የድንጋይ እርከን ስንሠራ፣ ማለዳ ላይ ጥርብ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ መጣልን። ከጭነቱ ላይ ሦስት ወጣቶች ወረዱና ማራገፍ ጀመሩ። የአንደኛው መዳፍ ተሰነጣጥቆ በፌስታል ቅዳጅ ታስሮ ስለነበር ድንጋዩን በክንዱና በደረቱ አቅፎ ነበር የሚያወርደው። ጓንት ስሰጠው ወሬ ጀመርንና በቀን ስንት እንደሚከፈለው ጠየቅሁት። ከጥምቀት ጀምሮ ድንጋይ ሲፈልጥ እንደቆየ፣ እስከዚያች ዕለት ግን ገንዘብ በእጁ እንዳልያዘ ነገረኝ፤ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቶ ነበር። ደላላው ከአገሩ ሲያመጣው ለመሳፈሪያና ለምግብ ያወጣለት ገንዘብ ስላለ፣ ያ እስኪመለስ ድረስ መታወቂያው ድንጋይ ከሚያስፈልጠው ሰው ዘንድ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ዕዳችን ሲያልቅ ነው የሚሰጠን» አለኝ። ዕዳው ስንት እንደነበረና ስንት እንደቀረ ስጠይቅ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቁጥሩን የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ድንጋይ የገዛሁት ሌሎች አቅራቢዎች ከጠሩልኝ ዋጋ ሁሉ ባነሰ ዋጋ ነበር፤ ለደንበኛውም ይህንኑ በኩራት ነግሬዋለሁ። ርካሽ ያደረገው የእነዚህ ልጆች ያልተከፈለ ጉልበት እንደሆነ የገባኝ ያን ጠዋት ነው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ባለማወቄ ሂሳቡን ከፍዬ መኪናውን ሸኘሁት፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዚህ በታች ያሰፈርሁት አሠራር ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ያበጀነው ሲሆን፣ አምስት ሠራተኛ ላለው ችግኝ ጣቢያም ሆነ የሆቴልና የመንገድ ዳር ግሪነሪ (የአረንጓዴ ቦታ ሥራ) በኮንትራት ለሚወስድ ድርጅት እንዲያገለግል አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ምን እንደምንከላከል

ባርነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመተማ ገበያ ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር፤ ባርነት ራሱ በሕግ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬ ሰው በገበያ አይሸጥም፤ የሚያዘው በዕዳ፣ በተቀማ መታወቂያ፣ ባልተከፈለ ደመወዝና በማስፈራራት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ሰውን በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት መያዝን፣ በሰው መነገድንና በግዳጅ ማሠራትን ይከለክላል። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ሰውን በዕዳ ይዞ ማሠራትን ከብዝበዛ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ የተያዙ ናቸው።

ዝቅተኛ ክፍያ ሁሉ ባርነት አይደለም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሠራተኛ ነገ ጠዋት «ሥራውን ትቼ ልሂድ» ቢል ምን ይደርስበታል? የሠራበትን ተቀብሎ የሚሄድ ከሆነ ነፃ ሠራተኛ ነው። የሁለት ወር ደመወዙ የሚቀር፣ መታወቂያው የማይመለስ፣ ዕዳው ለአባቱ የሚተላለፍ ወይም የሚደበደብ ከሆነ ግን በስምምነት ሥራ የጀመረ ቢሆን እንኳ ተይዟል። ብዙውን ጊዜ ሰው ወደዚህ ሁኔታ የሚገባው በፈቃዱ ነው፤ የሚጠፋበት መውጫው ነው።

ደረጃ 1፦ ሠራተኛውና ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ይመዝግቡ

ደብተር ይክፈቱና ሁለት ገጽ ያዘጋጁ። በአንደኛው ገጽ በድርጅትዎ ሥራ ላይ የሚገኘውን ሰው ሁሉ ይጻፉ፦ ቋሚ አትክልተኛውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ በቁርጥ ጉድጓድ የሚቆፍረውን፣ ሣር አጫጁን፣ ዘበኛውን፣ ፎርማኑ በራሱ የሚያመጣቸውን ልጆች ጭምር። የእያንዳንዱን ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበትን አካባቢ፣ በማን በኩል እንደመጣና ደመወዙን ከማን እጅ እንደሚቀበል ያስፍሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ በፎርማን ወይም በደላላ እጅ የሚከፈለው ሰው ስንት እንደሚደርሰው እርስዎ ሊያውቁ አይችሉም።

በሁለተኛው ገጽ የሚገዙትን ይዘርዝሩ፦ ችግኝ፣ ጥቁር አፈር፣ አሸዋ፣ ፍግ፣ ድንጋይ፣ አጣና፣ ቀርከሃ፣ የችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ፓምፕ። በየአንዳንዱ አጠገብ ማን ሸጠልኝ ብቻ ብለው አይለፉት፤ በጉልበቱ ያወጣው ወይም የሠራው ማን እንደሆነ፣ የትና በማን አሠሪነት እንደሆነ ይጻፉ። የማያውቁትን ባዶ ይተዉት። ባዶ ቦታው የበዛበት ዕቃ ቀድመው የሚመረምሩት ነው።

በእኛ ሥራ አደጋው ይበልጥ የሚታየው በድንጋይና በአሸዋ፣ በክረምት መግቢያ በሚጣደፈው የቁፋሮ ሥራ፣ ፕላስቲክ አፈር በሚሞላባቸው አነስተኛ ችግኝ ጣቢያዎች እና፣ ብዙ ሰው ልብ በማይለው፣ በዘበኛው ቤት ነው። የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ አብዛኛውን ጊዜ በጣቢያው ጥግ በተሠራ የቆርቆሮ ክፍል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። የተቀጠረው አንድ ሰው ነው፤ ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት ውሃ ያጠጣል፣ ሚስቱ ፕላስቲክ ትሞላለች፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የችግኝ አረም ያርማሉ። የሚከፈለው ግን የአንድ ሰው ደመወዝ ነው። መኖሪያቸው የአሠሪው ስለሆነ «ይህን አልሠራም» ያሉ ቀን ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። አሠሪው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ቤት በመስጠቱ ቤተሰቡን የረዳ ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ግልጽ ነው። የሌሊት ጥበቃውና የቀን ሥራው ይለያዩ፤ ሚስቲቱ የምትሠራ ከሆነ በራሷ ስም ውል ይኑራትና ደመወዟን ራሷ ትቀበል፤ ልጆች በጣቢያው ሥራ አይግቡ፤ ሥራው ቢቋረጥ ቤቱን ለመልቀቅ በቂ ጊዜ እንደሚሰጥ በውሉ ይጻፍ።

ደረጃ 2፦ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ደላላውን ከመካከል ያውጡ

ሥራ ፈላጊ ሥራ በማግኘቱ ምንም ሊከፍል አይገባም። ለደላላ የሚከፈል ኮሚሽን ካለ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ የተከፈለውም ገንዘብ በኋላ ከደመወዝ ላይ አይቀነስም። ይህን ለደላላው በቃል መንገር አይበቃም፤ ደላላው ከሁለታችንም እየተቀበለ ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነውና። አዲስ የመጣውን ሰው ደላላውና ፎርማኑ በሌሉበት ለብቻው አስቀምጠው፣ ከዚህ ለመድረስ ለማን ስንት እንደከፈለ ወይም ሊከፍል ቃል እንደገባ፣ ስንት ደመወዝ እንደተነገረውና ዕዳ ካለበት ከማን እንደተበደረ ይጠይቁት። መልሱ እርስዎ ከተስማሙበት የተለየ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር ያስተካክሉ። ለደላላው የከፈለው ካለ ይመልሱለትና ከደላላው ጋር እርስዎ ይተሳሰቡ።

ከሩቅ ለሚመጣ ሠራተኛ መሳፈሪያ የሚሰጡ ከሆነ የድርጅቱ ወጪ ይሁን፤ በዕዳ አይመዝገብ። የዕዳ ሥራ የሚጀምረው ከመሳፈሪያ ነውና ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። በከተማችን አደባባይ ዳር ማለዳ ቆመው ሥራ ከሚጠብቁት መካከል ከመተማና ከቋራ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሱ ሳሉጎች (የወቅት የቀን ሠራተኞች)፣ በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ እንዲሁም ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል የገቡ ሰዎች ይገኛሉ። ዘመድ የሌለው፣ መታወቂያው የጠፋበት፣ ማደሪያ የሌለው ሰው የተሰጠውን ሁሉ ስለሚቀበል፣ ከእሱ ጋር የሚደረግ ስምምነት ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ራሱ ተስማምቷል» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ለእሱም የሚከፈለው ለነባሩ ሠራተኛ የሚከፈለው ነው።

ደረጃ 3፦ ውሉን ጽፈው ያንብቡለት፤ መታወቂያውን ይመልሱለት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቃል ውልም ውል ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የቀን ወይም የወር ክፍያው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ውሉ የሚቋረጥበት መንገድ። ማንበብ ለማይችለው ጮክ ብለው ያንብቡለት፤ ከሠራተኞቹ መካከል እሱ የመረጠው አንድ ሰው ይስማለት። የሙከራ ጊዜ ካለ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ፣ ሠራተኛውም ሥራውን ለመተው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሄድ እንደሚችል ይንገሩት። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ሠራተኛው መውጫ እንዳለው እንዲያውቅ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

መታወቂያ በመያዣነት አይያዝም። የቀበሌ መታወቂያም ይሁን ፋይዳ፣ ቁጥሩን መዝግበው ወይም በስልክ ፎቶ አንሥተው ካርዱን እዚያው ይመልሱለት። በእኛ ሥራ መታወቂያ የሚያዘው በአብዛኛው ለዕቃ ነው፤ ሣር ማጨጃ ማሽን፣ ፓምፕ ወይም መቀስ ሲወጣ «መታወቂያህን አስይዝ» ይባላል፣ ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ መታወቂያው ታግቶ ይቀራል። በእሱ ፈንታ የዕቃ መረከቢያ ደብተር ይኑር፤ ወጪና ገቢው በፊርማ ይመዝገብ። እርስዎ የማይይዙትን ፎርማንዎም እንዳይዝ በጽሑፍ ይከልክሉ፤ በወር አንድ ቀንም ሠራተኞቹን «መታወቂያችሁ ከእናንተ ጋር ነው ወይ?» ብለው በአካል ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ደመወዝን በሠራተኛው እጅ፣ በቀኑ፣ በሙሉ ይክፈሉ

በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካየኋቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ላይ ነው።

የሃያ ሰው ደመወዝ በአንድ ላይ ለፎርማን ሰጥቶ መሄድ ይቅር። ሕጉም ክፍያው ለራሱ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው እንዲደርስ ያዛል። ስልክ ላለው በቴሌብር ወይም በባንክ ይላኩ፤ ነገር ግን ቁጥሩ የራሱ መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ጊዜ ሰባት ሠራተኞቻችን የሰጡን የስልክ ቁጥር ስናመሳክረው ሁለት ቁጥር ብቻ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ሁለቱም የአንድ ቡድን መሪ ነበሩ። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ደግሞ በፔሮሉ ላይ የሠራበት ቀን፣ የተቀነሰውና የተጣራው ተነግሮት፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ይፈርም። ባዶ ፔሮል ላይ አስቀድሞ ማስፈረም ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ቅድሚያ ብድር መስጠት አይከለከልም፤ ሰው ይታመማል፣ ልቅሶ ይደርስበታል፣ የልጅ ደብተር ይገዛል። ብድሩ ወለድ የሌለው፣ በሁለት ቅጂ የተጻፈ፣ አንዱ ቅጂ በተበዳሪው ኪስ የሚገኝ ይሁን። ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕጉ መሠረት ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም፤ እኛ ግን ከአንድ አምስተኛ አናሳልፍም፤ ምክንያቱም ገቢው ለምግብ ብቻ የሚበቃው ሰው ሲሶው ሲቆረጥበት በማግስቱ እንደገና ለመበደር ይመጣል። ሠራተኛው ብድሩን ሳይጨርስ መሄድ ቢፈልግ ይሂድ። ቀሪው ገንዘብ እንደ ማንኛውም ዕዳ ይጠየቃል፤ ሰውየው ግን በዕዳው ምክንያት ሥራ ላይ ሊያዝ አይችልም።

በቁፋሮ ቦታ አካባቢ ያለች ምግብ ቤት ለሠራተኞች በዱቤ የምታበላበትንም አሠራር ይመርምሩ። ምግብ ቤቲቱ ከፎርማኑ ጋር የጥቅም ግንኙነት ካላት፣ ሠራተኛው ያልበላውም ይጻፍበታል። ሰው በፈለገበት ቦታ እንዲበላ፣ ዱቤውም ከደመወዝ ላይ በቀጥታ እንዳይቆረጥ ማድረግ ይሻላል። ጓንት፣ ቦት ጫማና ቱታ ደግሞ የድርጅቱ ወጪ እንጂ የሠራተኛው ዕዳ አይደሉም።

ሌላው «ደንበኛው ሲከፍለኝ እከፍላችኋለሁ» የሚለው ነው። የኮሪደር ልማቱና የሆቴሎች መስፋፋት የግሪነሪ ሥራ አምጥተውልናል፤ ክፍያው ግን ሊዘገይ ይችላል፤ የዘገየውን ክፍያ ተሸክሞ የሚቆየው የቀን ሠራተኛው ሆኖ እናገኘዋለን። ሥራ ከመውሰድዎ በፊት የሁለት ወር ደመወዝ መሸፈን የሚችሉ መሆንዎን ያስሉ። የማይችሉ ከሆነ ለጉልበት የሚውል ቅድሚያ ክፍያ በኮንትራቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ካልተሳካም ሥራውን ያሳንሱ። የሥራ ውል ሲቋረጥ የቀረው ሂሳብ ሁሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

ደረጃ 5፦ ሰዓትና ዕድሜ

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም በቀን 1.5፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። የምረቃ ቀን ደርሶ በመብራት ሲተከል ይህ ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ የትርፍ ሰዓቱን ዋጋ በጨረታው ሰነድ ላይ አስቀድመው ያስገቡ፤ ሠራተኛውም እምቢ የማለት መብት እንዳለው በሁሉም ፊት ይናገሩ።

ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በዕረፍት ቀን፣ በበዓልና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አይሠራም፤ ድንጋይ ማውጫም አይገባም። እኛ ጸረ ተባይ መርጨትንም ለእነዚህ ወጣቶች ከልክለናል። የልደት ማስረጃ የሌለው ልጅ ሲያጋጥም የሰውነቱን ቁመት አይመኑ፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ታላቁና ታናሹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ይጠይቁ፣ ቤተሰቡንም ያነጋግሩ። ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ ልጆች በብዛት ስለሚመጡ ይህ ጥያቄ በሰኔና በሐምሌ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዋጁ በመኖሪያ ቤት ለትርፍ ባልሆነ ሥራ በግለሰብ የተቀጠረን ሠራተኛ አይሸፍንም። ደንበኛዎ በእርስዎ የተላከውን አትክልተኛ «ቆይቶ መኪናም ይጠብ፣ ሌሊትም ይጠብቅ» ካለ፣ ያ ሰው ሳይታወቅ ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። አሠሪው እርስዎ እንደሆኑ ከደንበኛው ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይ ያስፍሩ፤ ከአትክልት ሥራ ውጭ ምንም እንዳይታዘዝም ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ የአቅራቢውን ዋጋ በሰው ቀን ያስሉ

አቅራቢ ዋጋ ሲሰጥዎ፣ ርካሽ መሆኑን ከማየትዎ በፊት ዋጋው ደመወዝ ማካተት የሚችል መሆኑን ይመርምሩ። ለምሳሌ አንድ አይሱዙ ጥርብ ድንጋይ ለማውጣት፣ ለመጥረብና ለመጫን አራት ሰው ሦስት ቀን ይፈጅበታል እንበል፤ 12 የሰው ቀን ማለት ነው። ይህን እርስዎ ለራስዎ የቀን ሠራተኛ በሚከፍሉት ያባዙ፤ የመኪናውን ኪራይ፣ ነዳጁንና ለአቅራቢው የሚቀረውን ተገቢ ትርፍ ይደምሩ። የተጠራልዎ ዋጋ ከዚህ ድምር በታች ከወረደ የጎደለው ከአንድ ሰው ላይ ተወስዷል፤ ከማን ላይ እንደሆነ አቅራቢውን ይጠይቁት። በደንብ የሚያሠራ ሰው ስሌቱን ዘርዝሮ ያሳያል። ይህችን ስሌት የዚያ ድንጋይ ዋጋ በተጠራልኝ ጊዜ ባውቃት ኖሮ መልሱን ከድንጋዩ መምጣት ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ አገኘው ነበር።

ቀጥሎ ቦታው ድረስ ይሂዱ። ድንጋይ ማውጫውም ሆነ ከመገጭ ወይም ከሌላ ወንዝ አሸዋ የሚወጣበት ቦታ በአብዛኛው የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም። ሳይነግሩ ይሂዱ፤ ከጫኞቹ ጋር ሻይ ይጠጡ። ማን እንደሚከፍላቸው፣ መጨረሻ የተከፈሉት መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ለበዓል ወደ አገራቸው ሄደው እንደሆነ ይጠይቁ። የበዓሉ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ይናገራል፤ በአገራችን ሰው ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ወደ ቤተሰቡ የማይሄደው ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲያጣ ነው። ለሁሉም ጥያቄ አሠሪው ፈጥኖ የሚመልስላቸው ከሆነ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ቃል የሚመልሱ ከሆነ፣ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ከአቅራቢው ጋር የሚፈራረሙት ስምምነት አጭር ይሁን፦ መታወቂያ እንደማይዝ፣ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ እንደሚከፍል፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደማያሠራ፣ እርስዎም ሠራተኞቹን ለብቻቸው ማነጋገር እንደሚችሉ። በአጸፋው እርስዎም ዕቃው በተረከቡ ጊዜ ወዲያው ለመክፈል ይፈርሙ። አቅራቢውን ሁለት ወር አስጠብቀው ሠራተኛውን በወቅቱ እንዲከፍል ማስገደድ ፍትሐዊ አይደለም።

ከውጭ በሚገቡት ዕቃዎች ላይ አቅማችን ትንሽ ነው። የማሌዥያ የጎማ ጓንት ፋብሪካዎች ለደላላ ከባድ ክፍያ ከፍለው ከባንግላዴሽና ከኔፓል የመጡ ሠራተኞችን በዕዳ ያሠራሉ ተብለው ተከሰዋል፤ በህንድ ራጃስታን የድንጋይ ማውጫዎችም የዕዳ ሥራ ተመዝግቧል። ጎንደር ላይ ሆነን ፋብሪካውን መጎብኘት አንችልም፤ ነገር ግን አምራቹና አገሩ ያልተጻፈበትን ዕቃ አለመግዛት፣ ደረሰኝ መያዝና አስመጪውን በጽሑፍ መጠየቅ እንችላለን። በእንግሊዝ በ2015 የወጣው የዘመናዊ ባርነት ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ ያላነሰ ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ የሠሩትን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ስለዚህ የውጭ ድርጅት ደንበኛ ያላችሁ ይህንኑ ደብተር ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሠራተኛው የሚናገርበትን መንገድ ይክፈቱ

የአስተያየት ሣጥን ለእኛ ሠራተኛ አይሆንም። አብዛኛው መጻፍ አይወድም፤ ሣጥኑ ዘንድ የሄደውንም ሰው ሁሉም ያየዋል። የሚሠራው ሠራተኞቹ ራሳቸው የመረጡት፣ ከፎርማኑ ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ወንድና አንዲት ሴት መኖራቸውና የባለቤቱ ስልክ ቁጥር በየሠራተኛው ውል ላይ መጻፉ ነው። ሴቶች የሚደርስባቸውን ትንኮሳ ለወንድ እንዲናገሩ አይጠብቁ። ቅሬታ ያቀረበ ሰው በዚያው ወር ከሥራ ቢወጣ፣ ምክንያቱን እርስዎ ራስዎ ይመርምሩ።

ደረጃ 8፦ የተያዘ ሰው ሲያገኙ

መጀመሪያ ይታገሡ። ሰውየውን በያዘው ሰው ፊት መጮህና መሳደብ ለጊዜው ልብን ያሳርፋል፤ ነገር ግን እርስዎ ሲሄዱ የሚደበደበው ወይም ሌሊት ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው እሱ ነው። ለብቻው ያነጋግሩትና ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት። አንዱ ደመወዙን ተቀብሎ አገሩ መግባት ይፈልጋል፤ ሌላው መታወቂያው ተመልሶለት እዚያው መሥራት ይፈልጋል። ስሙን፣ የሥራ ቀኖቹን፣ ያልተከፈለውን ገንዘብ፣ የደላላውን ስልክ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ይጻፉ፤ ያለ ፈቃዱ ፎቶ አያንሡ።

ድብደባ፣ ማገት፣ ማስፈራራት ወይም በሰው መነገድ ካለ ጉዳዩ ወንጀል ስለሆነ ወዲያው ለፖሊስ ይነገራል። ልጅ ከሆነ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የሚይዘው መሥሪያ ቤትም ይወቀው። የደመወዝና የመታወቂያ ጉዳይ ብቻ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚያየው የከተማ አስተዳደሩ ክፍል አብረውት ይሂዱ፤ ብቻውን ከላኩት በር ላይ ተመልሶ ሊቀር ይችላል። ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል ቀን አያባክኑ።

አቅራቢውን በዚያው ቀን አባርሮ ሌላ መፈለግ ንጹሕ መንገድ ይመስላል፤ ሆኖም ሠራተኛው ያልተከፈለው ገንዘብ እዚያው ይቀርና አቅራቢው ድንጋዩን ለሌላ ይሸጣል። ወንጀል ከሌለበት በጽሑፍ ቀነ ገደብ ይስጡት፦ መታወቂያ በዚያው ቀን ይመለስ፤ ደመወዝ በ7 ቀን ይከፈል፤ ክፍያውም እርስዎ ባሉበት ይፈጸም። ካልፈጸመ ግዢውን ያቋርጡ፤ ምክንያቱንም ከእሱ ለሚገዙ ባልደረቦችዎ ይንገሩ። እርስዎም ከርካሹ ዋጋ ተጠቅመዋልና ድርሻዎን ይክፈሉ። እኛ ከአቅራቢው የገዛነውን በሰው ቀን አስልተን፣ የጎደለውን ከድርጅቱ ካዝና ለሠራተኞቹ ሰጥተን እናውቃለን፤ የአገር ቤት መሳፈሪያም ጨምረን። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ስናገኝ ደግሞ እንዲሁ አናሰናብተውም፤ በነጋታው ከዚህ የከፋ ቦታ ይገባልና። በእሱ ፈንታ ከቤቱ አንድ ለሥራ የደረሰ ሰው ቀጥረን፣ ልጁ ትምህርት ቤት መግባቱን እንከታተላለን።

ደረጃ 9፦ ደብተሩን በዓመት ሁለት ጊዜ ይክፈቱ

አንዱ ጊዜ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የተከላው ጥድፊያ ሳይጀመር ነው፤ ሁለተኛው ኅዳር ውስጥ፣ የአዲሱ ችግኝ ዘር ሲዘራና ለጥምቀት የሆቴሎች ግቢ ሲሰናዳ። በደረጃ 1 ባዶ የተተዉት ቦታዎች ስንቱ እንደተሞሉ ይቁጠሩ። ፔሮሉን ከሥራ መቆጣጠሪያው ጋር ያመሳክሩ፤ ሥራ ላይ ታይቶ ፔሮሉ ላይ የሌለ ስም ካለ እሱን ሰው በአካል ይፈልጉት። ሂሳብ ሠራተኛዎና ሠራተኞቹ የመረጧቸው ሁለቱ ተወካዮች ምርመራው ላይ ይገኙ፤ የተገኘውም ችግርና የተወሰነው ነገር በደብተሩ ላይ ከነቀኑ ሰፍሮ በሦስቱም ይፈረምበት። በጉብኝት ያልታየ ድንጋይ ማውጫ ከቀረ፣ የሚኬድበት ቀንና የሚሄደው ሰው በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ እስኪጎበኝ ድረስ ከዚያ አዲስ ግዢ አይታዘዝም።